ላፕቶፕ ላይ ራም መጨመር፦ በቲንክፓድ ቲ480 ላይ ከምርመራው እስከ መጨረሻው ብሎን

ባለፈው በጋ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና «ሜሞሪ ጨምርልኝ፣ ሞልቷል ይለኛል» አለችኝ። ከፍቼ ሳየው የሞላው ሲ ድራይቭ ነው። የሦስት ዓመት የቴሌግራም ፊልምና ፒዲኤፍ ታጭቆበት መስመሩ ቀልቷል። እኛ ጋ «ሜሞሪ» የማይባል ነገር የለም። የስልክ ካርዱ ሜሞሪ ነው፣ ፍላሹ ሜሞሪ ነው፣ ሃርድ ዲስኩም ራሙም ሜሞሪ ናቸው። ሱቅ ሄዶ «ሜሞሪ ፈልጌ ነበር» ያለ ሰው ምን ይዞ እንደሚመለስ የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ራም ብቻ ነው።

ልጅቷ ግን በከንቱ አልመጣችም። የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ሪቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም ከፍታ፣ ክሮም ላይ ደርዘን ገጽ ደርድራ፣ ቴሌግራሙን ከጎን አድርጋ ነው የምትሠራው። ማሽኗ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ማሽን ላይ የሠራነውን እየተከተልኩ ነው። ዴል ላቲቲዩድ ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ ላላችሁም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለየው የብሎኑ ብዛትና የክዳኑ አከፋፈት ነው። ደግሞም ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀው ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት ነው። ራም መሰካት የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው ሱቅ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ያነሰው በእርግጥ ራም ነው?

ዲስኩን ጎተራ፣ ራሙን ቡሃቃ አድርጋችሁ ያዙት። ጎተራው የዓመቱን እህል ይይዛል፤ ቡሃቃው ደግሞ ዛሬ የሚጋገረውን ሊጥ። ቡሃቃ ቢጠብ ሊጥ ወደ ጎተራ የሚመልስ ሰው የለም። ኮምፒውተር ግን ይመልሳል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው ያልተነካውን ሥራ ወደ ዲስክ ይገለብጠዋል፤ ስትፈልጉት ደግሞ እንደገና ያመጣዋል። ዲስክ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ነው። ከሪቪት ወደ ክሮም ስትሻገሩ ማሽኑ ቆሞ የሚተክዝ የሚመስለው በዚህ ምልልስ ነው።

ለማረጋገጥ መጀመሪያ በተራ የሥራ ቀን የምትከፍቱትን ሁሉ ክፈቱ። ማሽኑ ገና እንደተነሳ መለካት ምንም አይነግራችሁም። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይመጣል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ» የሚለውን ምረጡ። ሁለት ቁጥሮችን ተመልከቱ። አንደኛው «ኢን ዩዝ» ነው፤ አሁን የተያዘው ማለት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው «ኮሚትድ» ነው። ይህ ዊንዶውስ ለተከፈቱት ፕሮግራሞች ሁሉ የገባው ቃል ድምር ነው፤ ራም ውስጥ ያለውንም፣ ወደ ዲስክ የተገፋውንም ይጨምራል። የአክስቴ ልጅ ማሽን ላይ ኢን ዩዝ 7.3 ሲል ኮሚትዱ 14.1 ይል ነበር። ስምንት ጊጋ ላይ የአሥራ አራት ጊጋ ሥራ ተጭኗል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ራሙ ግን ከ60 እና 70 በመቶ የማያልፍ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ «ዲስክ» የሚለውን እዩ። መቶ በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቆየና ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ መቀየር ያለበት እሱ ነው። 4 ጊጋ ራምና ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ለሁለቱም ገንዘብ ለሌለው ሰው ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) ግዛ፣ ራሙ ይቆይ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አሮጌ ማሽን ላይ እስከዛሬ የሚያጋጥም ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ግቡና «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን አንብቡ። 32 ቢት የሚል ዊንዶውስ ከተጫነ፣ 16 ጊጋ ብትሰኩበትም ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። መጀመሪያ ዊንዶውሱ ወደ 64 ቢት ይቀየር።

ደረጃ 2፦ ማሽኑ ይቀበላል?

ሁሉም ላፕቶፕ ራም አይጨመርለትም። ቀጫጭኖቹ ላይ የራሙ ቺፖች በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደዋል፤ የሚወጣም የሚገባም ነገር የለም። የማክቡክ ኤር ባለቤቶች እዚህ ላይ ማንበብ ማቆም ትችላላችሁ። ማክቡክ ፕሮም በፈረንጆቹ 2012 ከወጣው ሬቲና ያልሆነ ባለ 13 ኢንች በኋላ በሩን ዘግቷል። ዝርዝር መግለጫው ላይ «ኤልፒዲዲአር» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ከጥቂት አዳዲስ ሞዴሎች በቀር፣ ተበይዷል ማለት ነው።

ቲንክፓድ ላይ ደግሞ አንዲት ፊደል ብዙ ታጣላለች። ቲ480 ሁለት ክፍት መሰኪያ አለው። መጨረሻው ላይ «ኤስ» የተጨመረበት ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም የተበየደ ሆኖ የሚሰካበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ተከትሎ የመጣው ቲ490ም እንዲሁ ነው። ኤክስ1 ካርቦን ጭራሽ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ ሞዴሉን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከማሽኑ ሆድ ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ።

ታስክ ማናጀር እዚያው ሜሞሪ ገጽ ላይ ሁለት ፍንጭ ይሰጣል። «ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2» ካለ ካሉት ሁለት መሰኪያዎች አንዱ ባዶ ነው። «ፎርም ፋክተር» የሚለው ፊት ለፊት «ሶዲም» ከተጻፈ የሚነቀል ራም ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ከተጻፈ የተበየደ ነው። ይህ መረጃ ከባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ከሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ የሚመጣ ስለሆነ አልፎ አልፎ ይዋሻል፤ የተበየደውን እንደ መሰኪያ ቆጥሮ «2 ኦፍ 2» የሚል ማሽን አይቻለሁ። የሚቻል ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። አከፋፈቱ ደረጃ 6 ላይ አለ።

ሌላው ጥያቄ ጣሪያው ነው። ሌኖቮ ለቲ480 የጻፈው ከፍተኛ መጠን 32 ጊጋ ነው፤ በተግባር ግን ሁለት ባለ 32 ተሰክቶበት 64 ጊጋ ሲሠራ የቆየ ማሽን ነው። አምራቹ የሚጽፈው ማሽኑ ሲወጣ የሞከረውን ነውና አንዳንዴ እንዲህ ያለ ትርፍ ይገኛል። ለማያውቁት ሞዴል ግን በጽሑፉ መጽናት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የትኛው ራም?

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ስህተቱ ሁሉ የሚሠራው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ትውልዱ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የላፕቶፕ ዲዲአር3 204 እግር አለው፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262። በወርቃማው ጥርስ መሃል ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ስለሚለያይ በጉልበት ካልሆነ አይሰካም፤ በጉልበት ከሆነ ደግሞ መሰኪያው ይሰበራል። በግምት ከ6ኛው ትውልድ በፊት ያለ ኢንቴል ላፕቶፕ ዲዲአር3 ነው፣ ከ8ኛው እስከ 11ኛው ያለው ባብዛኛው ዲዲአር4 ነው፣ ከ12ኛው ጀምሮ ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም ይገኛል። 6ኛውና 7ኛው ድብልቅ ናቸው። ግምት ግን ለወሬ ነው፤ ለግዢ የተሰካውን ነቅላችሁ አንብቡ።

ዲዲአር3 ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለባችሁ። ተራው ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ መጨረሻው ላይ «ኤል» ያለበት ዲዲአር3ኤል በ1.35። ከዓመታት በፊት ባለ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፕ ይዤ «ያው ዲዲአር3 ነው፣ ምን ልዩነት አለው» ያለኝን ሰው አምኜ ተራውን ገዛሁ። ቁርጡ ቦታው ላይ ነው፣ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ማሽኑ ግን አልነሳም። ሦስት ሰዓት ሙሉ እየነቀልኩ ስሰካ ቆይቼ ነው የተለጠፈውን ወረቀት ያነበብኩት። እነዚያ ማሽኖች የሚፈልጉት ባለ «ኤል»ውን ብቻ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ ከባድ አይደለም። ከአክስቴ ልጅ ማሽን የወጣው ላይ «8ጂቢ 1አር×8 ፒሲ4-2400ቲ» ይላል። ስምንቱ መጠኑ ነው። «1አር» ቺፖቹ በአንድ ረድፍ የተደራጁ መሆናቸውን ይነግራል፤ ለተራ ተጠቃሚ አያስጨንቅም። «ፒሲ4» ማለት ዲዲአር4 ነው፤ «ፒሲ3ኤል» ቢል ኖሮ ዲዲአር3ኤል ይሆን ነበር። 2400 ፍጥነቱ ነው። አንዳንዱ ወረቀት 2400 በማለት ፈንታ 19200 ይጽፋል፤ ለስምንት አካፍሉት፣ ያው 2400 ነው። 21300 ያለው 2666 ነው፣ 25600 ያለው 3200።

ፍጥነት ላይ ብዙ አትጨነቁ። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሁለት ራሞች ሲሰኩ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሮጣሉ። ቲ480 ደግሞ ጣሪያው 2400 ስለሆነ ባለ 3200 ብትሰኩለትም በ2400 ነው የሚሠራው። ገበያ ላይ 3200 በቀላሉ ከተገኘና ዋጋው ካልበለጠ ግዙት፤ ለፍጥነቱ ብላችሁ ግን ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

አንድ ወይስ ሁለት? ሁለት እኩል ራም ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ያነባል፤ «ዱዋል ቻነል» የሚባለው ይህ ነው። በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ይታያል፤ ምክንያቱም ግራፊክሱ የሚኖረው ከዚሁ ራም ተካፍሎ ነው። እኛ የነበረን አንድ 8 ነው። ሌላ 8 ብንጨምር 16 እኩል ለእኩል። 16 ብንጨምር 24 ይሆናል፤ ኢንቴል ላይ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በሁለት መስመር፣ የቀረው 8 በአንድ መስመር ይሠራል። ኮሚትዱ 14 ደርሶ ስለነበር፣ የሪቪት ፋይል ደግሞ ሴሚስተር ባለፈ ቁጥር ስለሚያብጥ፣ ባለ 16ቱን መረጥን። ዎርድና ብሮውዘር ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን 8 ሲደመር 8 ይበቃዋል። 32 የሚያስፈልገው ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድ ወይም ትልልቅ ሕንፃ የሚስል ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ግዢ

የተሰካውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ላፕቶፑንም ጭምር ብትይዙት ደግሞ የተሻለ ነው። መገናኛም ሂዱ መርካቶ፣ «የዚህ ዓይነት፣ ግን 16» ብሎ ማሳየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። የሚሰጣችሁ የላፕቶፕ መሆኑን እዩ። የላፕቶፑ ዲዲአር4 ሶዲም ርዝመቱ 69.6 ሚሊሜትር ነው፤ የዴስክቶፑ እጥፉ ገደማ ነው።

ያገለገለ ራም መግዛት ነውር የለውም። ራም እንደ ባትሪ አይዳከምም። እኔ በግሌ ስሙን ሰምቼው ከማላውቅ አዲስ ይልቅ፣ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ ወይም ማይክሮን እመርጣለሁ። ግን የተለጠፈ ወረቀት ይቀየራል። 16 የሚል ወረቀት የለበሰ 8 ለኔ ተሽጦልኝ ያውቃል፤ ቤት ደርሼ ነው ያወቅሁት፣ ብመለስም «ከኛ አልገዛህም» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ሳይሰካና ማሽኑ በትክክል ቆጥሮ ሳያሳየኝ ብር አልከፍልም። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ቀድማችሁ ጫኑና «ኤስፒዲ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ፤ በየመሰኪያው ያለውን ራም መጠን፣ አምራችና ፍጥነት ከራሱ ከራሙ አንብቦ ያሳያል። ወርቃማው ጥርስ ላይ ጥልቅ ጭረት ወይም የተቃጠለ ጠቆር ያለ ነገር ካለ ተዉት። «ባይሠራ እቀይራለሁ» የሚለውን ቃል ደግሞ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከፈረንጆቹ 2025 መገባደጃ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ ክፉኛ ተወድዷል። ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ስላዞሩ ነው። ያምናው ዋጋ ይዛችሁ ገበያ ብትወጡ ትደነግጣላችሁ።

«ሰው ከአሜሪካ ይመጣል» ለምትሉ፣ ራም ክብደት የለውም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ለመላክ የተመቸ ዕቃ ነው። ችግሩ ከተሳሳተ የሚመልሰው የለም። ለዘመዳችሁ «ራም ግዛልኝ» ብላችሁ አትላኩ። የነቀላችሁትን ራም ወረቀቱ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ከሥሩ እንዲህ ጻፉ፦ «የላፕቶፕ ሶዲም፣ ዲዲአር4፣ አንድ ፍሬ ባለ 16 ጊጋ፣ ፍጥነቱ 2400 ወይም ከዚያ በላይ፣ የዴስክቶፕም የሰርቨርም አይሁን።» ሰርቨር ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ «ኢሲሲ» የሚል የተጻፈበት ራም አንዳንዴ ረክሶ ይገኛል፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ግን ራስ ምታት ነው።

ደረጃ 5፦ ዝግጅት

ትንሽ ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ያረጀ የባንክ ካርድ፣ ነጭ ወረቀትና ስልካችሁ ይበቃሉ። ካቻቪቴው የብሎኑን ራስ ሞልቶ መያዝ አለበት፤ ያነሰ ከሆነ ይበላዋል፣ ራሱ የተበላ ብሎን ደግሞ ቀን ያስጨርሳል።

ዋና ዋና ፋይሎቻችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) የበራበት ማሽን ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ ባዮስ ከተነካካ በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ስታቲክ ኤሌክትሪክ የፈረንጅ ወሬ የሚመስለው ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ሹራቡን በጨለማ ያውልቅ። ያ የሚንጣጣው ነገር ለእናንተ ትንሽ ንዝረት ብቻ ነው፤ ለራም ቺፕ ግን መርዝ ነው። ሹራብና ጋቢ አውልቃችሁ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ፤ የውሃ ቧንቧ ከሁሉ ይሻላል። በየመሃሉም ድገሙት።

ደረጃ 6፦ መክፈት

ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከኋላ በጣት ገፋ ተደርጎ የሚወጣው ነው፤ ሁለተኛው ሆዱ ውስጥ ተቀብሯል። የኋላውን አውጥቶ «ባትሪ አወጣሁ» ብሎ ራም የሚነቅል ሰው፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦርድ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የውስጡን በባዮስ በኩል ማስተኛት ያስፈልጋል።

ቻርጀሩን ንቀሉ። ከዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» በሉት፤ ሻት ዳውን ሲባል ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ለፈጣን አነሳስ ብሎ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። የሌኖቮ ምልክት ሲመጣ ኤፍ1ን ደጋግማችሁ ምቱ። ባዮስ ሲከፈት «ኮንፊግ»፣ ከዚያ «ፓወር»፣ ከዚያ «ዲሴብል ቢልት-ኢን ባተሪ» ላይ ሂዱና «የስ» በሉ። ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል። ከእንግዲህ ቻርጀር እስኪሰካ ድረስ የውስጡ ባትሪ አይነሳም። ሌሎች ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ ከሌለ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ የመጀመሪያው ሥራችሁ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ መንቀል ይሁን፤ ስትነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን የፕላስቲኩን ራስ ይዛችሁ።

አሁን ገልብጡት። የኋላውን ባትሪ አውጡ። የታችኛው ክዳን በስድስት ብሎን ተይዟል። እነዚህ ብሎኖች ይላላሉ እንጂ ከክዳኑ አይወጡም፤ «አልወጣ አለኝ» ብላችሁ አትታገሉ። ሌላ ማሽን ላይ ግን ይወጣሉ፣ ርዝመታቸውም ይለያያል። ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ አስቀምጡ። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ያጠበቀ ሰው ቦርዱን ይበሳል።

ክዳኑ ብሎኑ ከላላ በኋላም በፕላስቲክ ጥርሶች ተይዟል። ከባትሪው ቦታ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምራችሁ ካርዱን አስገቡና ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ጥርሶቹ ሲለቁ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ያ ድምፅ መጀመሪያ ቀን ልብ ያቆማል፣ ጤነኛ ድምፅ ግን ነው። አንድ ቦታ ላይ ፍጹም እምቢ ካለ ያልላላ ብሎን ቀርቷል ማለት ነው። እንደተከፈተ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ።

ደረጃ 7፦ መንቀልና መሰካት

ሁለቱ መሰኪያዎች መሃል አካባቢ ናቸው። አንዱ ላይ ነባሩ ራም ተኝቷል። በግራና በቀኙ ሁለት ቀጫጭን ብረት ክንዶች አቅፈውታል። በሁለት አውራ ጣት ጥፍር ሁለቱንም ወደ ውጭ ገፋ አድርጉ፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን። ራሙ ራሱ በምንጭ ኃይል ብድግ ይላል። ብድግ ባለበት አቅጣጫ፣ ጠርዝና ጠርዙን ይዛችሁ ሳቡት። ወርቃማውን ጥርስ በጣት አትንኩ፤ የጣት ወዝ ውሎ አድሮ ያዝገዋል።

ማስገባቱ የዚሁ ግልባጭ ነው። በወርቃማው ጥርስ መካከል ያለችው ቁርጥ ከመሰኪያው ጉብታ ጋር ፊት ለፊት ትሁን። ቁርጧ ትክክል መሃል ላይ ስላልሆነች ተገልብጦ ከተያዘ አይገጥምም። ራሙን እንደተጋደመ ደብተር ክዳን 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ እስከ ጥግ ግፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የገባ መስሎት በግማሽ ገብቶ ሳለ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ክንዶቹም ይይዙታል፤ ሲያበራው ግን ጨለማ። በደንብ የገባ ራም ወርቁ አይታይም ማለት ይቻላል፤ በጣም ቀጭን መስመር ብቻ ቢቀር ነው። ያን ስታዩ በሁለት ጣት ሁለቱን ጠርዝ ወደ ታች ተጫኑ። ግራና ቀኙ እኩል ቀጭ ብለው ክንዶቹ ጎኑ ላይ ወዳለችው ጎድጓዳ ይገባሉ። አንዱ ብቻ ጮኾ ሌላው ዝም ካለ ንቀሉና እንደገና ጀምሩ።

ያገለገለ ራም ከሆነና ጥርሱ የደበዘዘ ከሆነ የጥገና ሰዎቻችን ዘዴ ይሠራል፤ ለስላሳ ነጭ ላጲስ ወስዳችሁ ጥርሱን ከውስጥ ወደ ውጭ በስሱ አሹት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። አሸዋማውን ባለ ሰማያዊ ላጲስ ግን አትጠቀሙ፤ ወርቁን ይልጠዋል።

ማሽኑ ከተከፈተ አይቀር ፋኑን እዩት። የአዲስ አበባ አቧራ ሁለት ዓመት ውስጥ ፋን ላይ ብርድ ልብስ ያነጥፋል። ፋኑን በጣት ያዝ አድርጋችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በአፍ እፍ አትበሉ፤ ምራቅ ይገባል።

ደረጃ 8፦ ማብራት

ክዳኑን መልሱ፤ ብሎኖቹን ግን ገና አታጥብቁ። የኋላውን ባትሪ መልሱና ቻርጀሩን ሰኩ፤ የውስጡ ባትሪ የሚነቃው በቻርጀሩ ነው። አብሩት።

ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ምናልባት ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል። ማሽኑ አዲሱን ራም እየለካና ከፍጥነቱ ጋር እየተላመደ ነው። ዲዲአር4 ላይ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ዲዲአር5 ላይ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ደንግጦ ማጥፋት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። አንዳንድ ዴሎች «የራም መጠን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ያወጣሉ፤ ቀጥል ማለት ነው።

ካልነሳ ደግሞ፦

አጥፉ፣ ቻርጀሩንና የኋላውን ባትሪ ንቀሉ። ማሽኑ ካልተነሳ ባዮስ መግባት ስለማይቻል፣ ክዳኑን ከፍታችሁ የውስጡን ባትሪ ገመድ ከቦርዱ ንቀሉ፤ ከዚያ ነባሩን ራም ብቻ ሰክታችሁ በቻርጀሩ ሞክሩ። ከተነሳ ማሽኑ ደህና ነው። ቀጥሎ አዲሱን ብቻ፣ ነባሩ ተሰክቶበት በነበረው መሰኪያ ላይ። ካልነሳ በሌላኛው መሰኪያ። አዲሱ ራም በሁለቱም እምቢ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱም ራሞች በአንዱ መሰኪያ እየሠሩ በሌላው እምቢ ካሉ ግን የታመመው መሰኪያው ነው። ለየብቻ ሠርተው አብረው እምቢ የሚሉም አሉ፤ ቦታ አቀያይሩ፣ ባዮሱን አድሱ፣ ካልሆነ አንድ ዓይነት ጥንድ መፈለግ ነው። አዳዲስ ዴል ላቲቲዩዶች ሕመማቸውን በመብራት ይናገራሉ፤ የባትሪ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ ሦስት ጊዜ ነጭ ካበራ ራም አላገኘሁም እያለ ነው።

ደረጃ 9፦ ማረጋገጥ

ታስክ ማናጀር ላይ ተመለሱ። እኛ ጋ 24 ጊጋ፣ 2400፣ «2 ኦፍ 2» አለ። ጥቂት መቶ ሜጋ «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» ተብሎ ቢቀነስ ለግራፊክሱ የተያዘ ነው። ብዙ ጊጋ ከተቀነሰ ግን ችግር አለ። መጀመሪያ ራሙን እንደገና ነቅላችሁ ሰኩ። ካልሆነ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ብላችሁ ፈልጉ፣ «ቡት» ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ክፈቱና «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት አንሱት። ማሽን ያፋጥናል የሚል የዩቱብ ቪዲዮ አይቶ ይህን ሳጥን የነካ ሰው ብዙ ነው፤ የሚሠራው ግን ራሙን መገደብ ብቻ ነው።

መቁጠሩ ብቻ አይበቃም። የታመመ ራም በትክክል ተቆጥሮ ከሦስት ቀን በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ ይባስ ብሎም ፋይል ያበላሻል። የዊንዶውስ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ፈጣን ነው፣ ግን ብዙ ያልፈዋል። እኔ የማምነው ሜምቴስት86ን ነው። ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ ከፍላሹ ይነሳል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ማታ ሰክታችሁ ተኙ። ጠዋት አንድም ቀይ መስመር ካያችሁ ያ ራም ወደ ሱቅ ነው፤ «አንድ ስህተት ብቻ ናት» የሚባል ነገር የለም። ንጹሕ ከሆነ ስድስቱን ብሎን አጥብቁ። ማዕዘን ለማዕዘን እያቀያየራችሁ፣ እስኪይዝ ብቻ፤ ፕላስቲክ ነው የያዙት።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ሪቪቱን፣ ክሮሙን፣ ቴሌግራሙን ከፈተች። ኢን ዩዝ 13.6። መተከዙ ቀርቷል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ደወለችልኝ፦ «ራም ከጨመርክልኝ ወዲህ ሲ ድራይቩ ባሰበት!» እውነቷን ነው። ዊንዶውስ ማሽኑ ሲተኛ ራሙ ውስጥ ያለውን የሚያፈስበት የሃይበርኔት ፋይል ሲ ድራይቭ ላይ አለው፤ መጠኑም ከራሙ ጋር ያድጋል፣ በተለመደው አቀማመጥ የራሙን 40 በመቶ ያህል። 16 ጊጋ ስንጨምርላት ከድራይቯ ስድስት ጊጋ ገደማ ወሰድንባት ማለት ነው። ሃይበርኔቱን ማጥፋት እንደሚቻል ነገርኳት፤ ፊልሞቹን ማጥፋትም እንደሚቻል። ሃይበርኔቱን አጠፋች።